ጤዛ የሚያፈልቀውን ተክል ስለ ማዳን

ድሮሴራ የተባለው ሥጋ በል ተክል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለው ቤታችሁ መስኮት ላይ ተረስቶ ቢጠወልግ፥ በርኅራኄ ፍግ ልትጨምሩለት ትቸኩሉ ይሆናል። ይህ ርኅራኄ ግን ይገድለዋል። ተክሉ ምግብ በጎደለው ረግረግ የለመደ ስለ ሆነ፥ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከአፈር ይልቅ በቅጠሉ ላይ ጤዛ በሚመስለው ሙጫ ከሚይዛቸው ትንኞች ያገኛል። ይህንንም ቻርልስ ዳርዊን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

ስለዚህ የደረቀውን ቅጠል ቁረጡለት። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበትና ተዉት፤ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ በሳሕን አድርጋችሁ፥ የተተከለበትን ዕቃ በዚያ ላይ አኑሩት። ከጥላ ወደ ፀሐይም ቀስ በቀስ አውጡት። አዲሱ ቅጠል ጤዛውን ማፍለቅ ሲጀምር፥ ተክሉ ለመዳኑ ምልክት ነው።