«አያመኝም እኮ»

መልእክቱ በቴሌግራም የመጣው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 22። «ጡቴ ላይ የሆነች እብጠት አገኘሁ። አያመኝም እኮ። ካንሰር ነው እንዴ?»

ያኔ ደሴ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ሰርጀሪ አታችመንት ላይ። የጡት ሕመምን ምዕራፍ የጨረስኩት በዚያው ሳምንት ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የጡት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። እናም ፈጠን ብዬ «አብሽሪ! ፋይብሮአዴኖማ ነው» ብዬ ላክሁላት። ልብም ጨመርኩበት።

በማግስቱ ለሚያስተምረን ሰርጅን እንደ ጀብዱ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«በእጅሽ ነካሽው?»

«አይ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ? በኔትወርክ?»

ቀጥሎ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የጡት እብጠት ሦስት ምስክር ይፈልጋል። አንደኛው የሐኪም እጅ ነው፤ ሁለቱንም ጡት፣ ብብትንም ይዳስሳል። ሁለተኛው ምስል ነው፤ ለወጣት አልትራሳውንድ፣ ዕድሜዋ ለገፋ ደግሞ ማሞግራም ይጨመራል። ሦስተኛው መርፌ ነው፤ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሦስቱ ከተስማሙ ነገሩ አለቀ። አንዱ ካፈነገጠ ግን ፋይሉ አይዘጋም።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ሚኒባስ ይዘው የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። የልጅቷ እብጠት ክብ፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲነኩት የሚሸሽ ነው። ሐኪሞች «የጡት አይጥ» የሚሏት ለዚህ ነው። ውጤቱም ፋይብሮአዴኖማ ሆነ። እሱ ሁሌ በቢላ አይነካም፤ ካላደገ በክትትል ይታለፋል። መልሴ ልክ ሆነ ብዬ ደስ ሲለኝ ሰርጅኑ «ዕድለኛ ነሽ» ብሎኝ አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴ ጋዋኔን ሳብ አደረገችኝ።

«ልጄ፣ እኔም'ኮ አለችኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ረመዳን በፊት።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን፣ አክስቴ?»

«አያመኝም እኮ።»

ልጇ የጻፈችልኝ ቃል ነው፤ ቁርጥ እሱን። እኔም ሰምቼው አልፌዋለሁ።

አጥቢ እናት ጡቷ ሲቀላ፣ ሲያተኩስና መግል ሲቋጥር በሁለት ቀን ሐኪም ቤት ትደርሳለች፤ ሕመሙ ያስነሳታል። መግሉ ወጥቶ መድኃኒት ሲሰጣት ይሻላታል፤ ማጥባቷንም አታቆምም። (በመድኃኒት አልሻል ያለ ቅላት ግን ራሱ ናሙና ይወሰድለታል።) ካንሰር አጀማመሩ ላይ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ጠንካራ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሸበሸበ ቆዳ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ከአንድ ጡት ብቻ የሚወጣ ደም፣ የብብት እጢ፤ አንዱም ሳያም ሊመጣ ይችላል። ወንዶችም አንብቡት፤ ብርቅ ቢሆንም እናንተንም ይይዛል።

የአክስቴ እብጠት እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ የማይነቃነቅ ነበር። ብብቷም ውስጥ ሌላ አለ። መርፌው ካንሰር ነው አለ።

«ሙሉውን መቆረጥ አለበት ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የዓለም ሰርጀሪም ጥያቄ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ሃልስቴድ ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጋር አብሮ ያነሳ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታትም ዓለም ተከተለው። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው የበርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ ጥናት ግን ትንሽ እብጠትን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመር ሙሉውን ከማንሳት እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። ቁም ነገሩ «ትንሽ» እና «ጨረር» የሚሉት ላይ ነው። በእኛ አገር ጨረር ለረጅም ዓመታት የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ለአክስቴ እብጠቱም ትንሽ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ሐኪም ቤት ከመጣችበት ቀን አንስቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። አክስቴ ከመምጣቷ በፊት የባከኑትን ወራት ማን ይቁጠራቸው?

መጀመሪያ ኬሞ ወሰደች፤ ከዚያ ጡቷ ተነሳ። አሁን ክትትል ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ፤ አንዲት ጎረቤቷን ይዛ ልትመጣ ነው።

«ያማታል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አያማትም። እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ» አለችኝ።