የድርቁን ወራት ከመሬት በታች የሚያሳልፈው ግዙፍ እንቁራሪት

በደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል፣ በተለይም በናሚቢያ፣ በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ ዝናብ አጠር ሜዳዎች፣ እንደ ኮርማ ስለሚያጓራ «ኮርማ እንቁራሪት» የተባለ ግዙፍ ፍጥረት ይገኛል። ወንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ ከአብዛኞቹ የእንቁራሪት ዓይነቶች በተለየም ከሴቷ ይበልጣል።

ዝናቡ ሲያቆም እንስሳው በኋላ እግሮቹ ላይ በሚገኘው ጠንካራ ጉብታ አፈሩን እየቆፈረ ይቀበራል። ከዚያም የተላላጠ ቆዳውን በላዩ ላይ በመደራረብ ከአፍንጫው ቀዳዳዎች በቀር መላ አካሉን የሚሸፍን ልባስ ይሠራል። በፊኛው ያጠራቀመውን ውሃ እየቆጠበ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል፣ ዝናብ ከቀረም ከዚያ የበለጠ ጊዜ፣ ያለ ምግብ ይቆያል።

ከባድ ዝናብ ጥሎ ኩሬዎች ሲሞሉ ይወጣል። ሴቷ በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ጭራ ያላቸው ግልገሎች ወደ እንቁራሪትነት ለመለወጥ 3 ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ኩሬው ከዚያ በፊት ከደረቀ ግን ያልቃሉ። በመሆኑም አባትየው በአጠገባቸው ሆኖ የሚጠጋቸውን ሁሉ እየነከሰ ያባርራል፤ ውሃው ሲጎድልም እስከ ትልቁ ኩሬ ድረስ ቦይ ቆፍሮ ያሻግራቸዋል። ከግልገሎቹ አንዳንዶቹን ራሱ የሚበላ መሆኑ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ለእርዳታ ሠራተኛው ይበልጥ የሚያሳስበው ጉዳይ ሌላ ነው። ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ በሰሜን ናሚቢያ የኦዋምቦ ሕዝብ ዘንድ የዚህ እንቁራሪት ሥጋ ተወዳጅ ምግብ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥለው ደግሞ የጎተራው እህል በተመናመነበት ሰዓት ነው። እንቁራሪቱ ከመራባቱ በፊት ተይዞ ከተበላ «ኦሺኬታካታ» የተባለ ሕመም ያስከትላል፤ ሽንት ያቃጥላል፣ ኩላሊትም ለጊዜው ሥራውን እስከ ማቆም ይደርሳል። የአገሬው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሦስተኛው ዝናብ እስኪጥል ወይም እንቁራሪቶቹ መጮኽ እስኪጀምሩ ይታገሣል፤ አንዳንዱም መርዙን ያረክሳል በማለት የድስቱን ውስጥ በደረቅ እንጨት ስብርባሪ ያነጥፋል።

የተራበ ቤተሰብ ሦስተኛውን ዝናብ ለመጠበቅ አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ በአካባቢው የሚሠራ የጤና ባለሙያ በዝናቡ መግቢያ የሽንት መቃጠል ያለበት ሕመምተኛ ሲገጥመው ምን እንደ በላና መቼ እንደ በላ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል፤ የእህል እደላውም ከመጀመሪያው ዝናብ ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል።