ተጨማሪ መረጃ፦ ጠጠሯን የተቀማችው መንደር

ሃልሳንድስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ጠረፍ፣ ከገደል ሥር የነበረች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1891 በ37 ቤቶቿ 159 ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከማዕበል የሚጋርዳት አጥር ከፊቷ የተከመረው ጠጠር ነበር። በ1897 ግን በፕሊማውዝ የሚገኘውን የባሕር ኃይል ወደብ ለማስፋፋት ይህ ጠጠር መዛቅ ጀመረ፤ 650,000 ቶን ያህል ተወሰደ። ባሕሩ ሌላ ጠጠር አምጥቶ ይተካዋል ተብሎ ነበር፤ አልተካውም። የዳርቻው ከፍታ እየወረደ፣ ውኃው ወደ ቤቶቹ እየቀረበ መጣ። ነዋሪዎቹ አጥብቀው በመቃወማቸው ሥራው በ1902 ቢቆምም ጊዜው አልፎ ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1917 ከባድ ማዕበል መንደሯን መታ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ለመኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሃልሳንድስን የተፈጥሮ አደጋ ብቻ አጠፋት ማለት እውነቱን መሸፈን ነው።

ዛሬ ጎብኚዎች ፍርስራሹን የሚያዩት ከገደሉ አናት ላይ ሆነው ነው። ከዚያ በጠረፉ የእግር መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በ1836 የተሠራውን የስታርት ፖይንት የመርከቦች መብራት ማማ ያገኛል።