በደቦ የበረታ ክንድ በደመወዝ ለምን ይዝላል?



ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ዱርቤቴን ከበው በተዘረጉት የአቸፈር ማሳዎች፣ ዳጉሳ የሚታረምበት ወይም ጤፍ የሚታጨድበት ጊዜ ሲደርስ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይሠራሉ። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። አንድን ቤተሰብ ብዙ ቀን የሚያለፋው ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። ደመወዝ የሚከፈለው ግን የለም።

ይኸው ወጣት ከተማ ገብቶ በልብስ ስፌት ቤት ወይም በዳቦ ቤት ሲቀጠር አሠሪው «ካልቆሙበት አይሠራም» እያለ ያማርራል። ሠራተኛውም «ብለፋም ባልለፋም ያው ነው» ይላል። ክንዱ ያው ክንድ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

የወንፈልና የደቦ ምሥጢር

ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለጎረቤት የዋለ ሰው ነገ በራሱ ማሳ ላይ ቀኑ ይመለስለታል። በደቦ ወይም በጅጌ ደግሞ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል። አቅም ያነሰው ገበሬና ባሏ የሞተባት እናት ማሳቸው ጦም እንዳያድር የሚጠብቃቸው ይህ ልማድ ነው።

ልብ ብለን ብናየው፣ በዚያ ማሳ ላይ የሥራው ዳር ለሁሉም ይታያል። ባለ ማሳው ራሱ ከሰልፉ ውስጥ ነው። ምሳው በሰዓቱ ይደርሳል። አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር አጠገቡ ያለው ያግዘዋል። ከሁሉም በላይ፣ የተበደረውን ቀን የማይመልስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቢጣራ የሚመጣለት አያገኝም። ሰውን የሚያተጋው እንግዲህ ድካሙ ተመልሶ እንደሚከፈለው ማመኑ ነው።

በመዲና የተቆፈረው ኸንደቅ

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ልትወረር ስትል፣ በሰልማን አል-ፋሪሲ ምክር ኸንደቅ ተቆፈረ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ሥራው ለአሥር አሥር ሰው በክንድ ተለክቶ ተደለደለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተራቡበት ሰዓት ከሶሐቦቻቸው ጋር አፈር ይሸከሙ ነበር። ድርሻው የታወቀ፣ መሪውም ከሸክሙ ያልራቀ ሥራ ነበር።

ዒድ ሲቃረብ

ይህን ወደ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እናምጣው። ዒድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቱ ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ ስንት ልብስ እንደቀረ ለማንም አይናገርም። ሠራተኛው ሌሊት ያመሻል፤ ጭማሪው «ከዒድ በኋላ» ይባላል፤ ከዒድ በኋላም ይረሳል። በሚቀጥለው ዓመት ጎበዙ ሰፊ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ማለት ያን ጊዜ አይመልሰውም። ደቦን ስም ብቻ አድርጎ ወንፈሉን መካድ ይህ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ትእዛዙ ተቆጥሮ ለሁሉም ይነገር። ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ቁልፍ የሚተክለውና የሚተኩሰው ድርሻቸውን ይወቁ። ባለቤቱም ካውያውን ያንሳ። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ችሮታ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው በ1.5፣ ከዚያ በኋላ በሌሊት የተሠራው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ላቡ ሳይደርቅ ለሠራተኛው ዋጋው እንዲሰጠው የታዘዝን ሕዝቦች ደግሞ አዋጅ እስኪያስታውሰን ድረስ መጠበቅ አይገባንም።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩ ለእናንተም ነው። አሠሪው ዘወር ሲል መቀሶን ማስቀመጥ፣ የባልደረባን ጥፋት እየለቀሙ ማሳበቅ፣ ለጀማሪው ሙያ መደበቅ አማና ማጉደል ነው። ደመወዝ የተቀበላችሁበት ሰዓት ብድር ነውና መልሱት።

እስቲ ዛሬ ማታ በየቤታችን እንጠያየቅ፦ የማን ቀን አለብን? ያልከፈልነው የማን ላብ ነው? አላህ (ሱ.ወ) ሐቅ ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።