የፈላ ውሃ የሽጉጥ ማህደር አያበጅም

ሽጉጡ ላይ አዲስ ማነጣጠሪያ ያስገጠመ ሰው አሮጌው የፕላስቲክ ማህደር አልበቃው ሲል የሚሰጠው አንድ ምክር አለ። ማህደሩን በፈላ ውሃ ንከረው፣ ሲለሰልስ ሽጉጡን አስገብተህ ተጫነው፣ ሲቀዘቅዝ ልክ ይሆንልሃል ይሉታል። ማስረጃው አጭር ነው፦ ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ይህ ምክር መታረም አለበት፤ ጉዳቱ ማህደር ከማበላሸት ያልፋልና። የማህደር ትልቁ ሥራ ሽጉጥ መሸከም አይደለም። ቃታውን ከጣት፣ ከልብስና ከገመድ መከለል፣ ሽጉጡንም ባለቤቱ ሆን ብሎ እስኪመዘው ድረስ በቦታው ማቆየት ነው። በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥቶ የታጠቀ ሰው፣ ይህ ክለላ በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ቢዛባ አደጋውን የሚሸከመው በራሱ ጭንና በአጠገቡ በቆመው ሰው ነው።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። ፕላስቲኮች እጅግ ረጃጅም በሆኑ የሞለኪዩል ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ስታውዲንገር ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያቀርብ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1953 ግን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሁለት ዓይነት ማህደር መኖሩን ማወቅ ነው። አንደኛው ከጠፍጣፋ ሉህ በሙቀት ተቀርጾ የሚሠራው ነው። የታወቀው ሉህ ካይዴክስ ይባላል፤ የፒቪሲና የአክሪሊክ ድብልቅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ የተሠራው ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል ነበር። ሁለተኛው ቀልጦ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ የሚገባ፣ ብዙ ጊዜ በመስታወት ክር የጠነከረ ናይሎን ነው። ሁለቱ በእጅ ሲይዟቸው ይመሳሰላሉ፤ ለሙቀት የሚሰጡት መልስ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የማህደር ናይሎን ሰንሰለቶች በከፊል በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሠራሉ፤ እንደ ናይሎኑ ዓይነት ክሪስታሉ የሚፈርሰው ከ220 እስከ 265 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ እዚያ አይደርስም፤ የናይሎን ማህደር ነክሮ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው የሞቀ ናይሎን ብቻ ነው።

የከበደው ጥያቄ ያለው ካይዴክስ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የካይዴክስ ሰንሰለቶች ሥርዓት የላቸውም፤ ሣጥን ውስጥ እንደተጣለ ፈትል ተዘበራርቀው ይተኛሉ። ሙቀት ሲያንስ እያንዳንዱ ሰንሰለት ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ጉልበት ያጣና ባለበት ይቆማል፤ ሉሁም ደረቅ ይሆናል። ለፒቪሲ ይህ የልስላሴ ድንበር 80 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለአክሪሊክ ከ100 ትንሽ ያልፋል። ከድንበሩ በላይ ቁሱ አይቀልጥም፤ የጎማ ጠባይ ይይዛል። ፋብሪካው ሉሁን ከ160 ዲግሪ በላይ አሙቆ በሽጉጥ ምሳሌ ላይ ይጫነዋል። ሉሁ በምሳሌው ዙሪያ ሲጎተት የተዘበራረቁት ሰንሰለቶች ይዘረጋሉ፤ ግፊቱ ሳይነሳ እንዲቀዘቅዝ ሲደረግም እንደተዘረጉ ይደርቃሉ። ማህደሩ የያዘው ቅርጽ እንግዲህ በብርድ የታሠረ ዝርግታ ነው። የተዘረጋ ሰንሰለት ሊይዛቸው የሚችላቸው አቀማመጦች ጥቂት ናቸው፤ የተጠቀለለ ሰንሰለት ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸው አሉት። መንቀሳቀስ በቻለ ጊዜ ወደ ብዙዎቹ ያዘነብላል፤ ፊዚክስ ይህን ዝንባሌ በኢንትሮፒ ይለካዋል። ስለዚህ የተቀረጸ ካይዴክስ ያለ ቅርጽ ዳግም ሲሞቅ የሚሄደው ባለቤቱ ወደሚፈልገው አዲስ ቅርጽ ሳይሆን ወደ ጥንቱ ጠፍጣፋ ሉህ ነው። የቃታውን መከለያ ነክሶ የሚይዘው ጎድጓዳ ሥፍራ በብዛት ተጎትቶ የተሠራ ነውና በዚህ መመለስ ቀድሞ የሚላላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፈላው ውሃ እንመለስ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ባለው በዳንግላ 93 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በእንጅባራ ደግሞ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በሌላው የአዊ ዞን ደጋም ድስት ቢጣድ ውጤቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ይህ ሙቀት ለካይዴክስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የታሠረውን ዝርግታ በከፊል ለመፍታት ይበቃል፣ አዲስ ቅርጽ ለማተም ግን አይበቃም። ማህደሩ የነበረውን ልክ ያጣል፣ አዲሱን አይይዝም። በተቃራኒው ኃይለኛ የሙቅ አየር መሣሪያ ማስጠጋትም መፍትሔ አይሆንም። ወደ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ በፒቪሲው ውስጥ ያለው ክሎሪን ሃይድሮጂን ክሎራይድ ሆኖ መውጣት ይጀምራል። ጋዙ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ የቀረውን መፈራረስም ራሱ ያፋጥናል።

በአገራችን ገበያ የኮንጎ ጫማና ጀሪካን በጋለ ብረት ሲጠገን እናያለን፣ ማህደር በምን ይለያል የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ጥሩ ነው፣ መልስም አለው። ለስላሳ የፒቪሲ ጫማ ውስጥ አለስላሽ ዘይት ተጨምሯል፤ የልስላሴ ድንበሩ ከአየሩ ሙቀት በታች ስለወረደ ጫማው ሁልጊዜም ለስላሳ ነው። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን በ130 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የጋለ ብረት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በሁለቱም የሚፈለገው መጣበቅ ነው፤ በሚሊሜትር የተለካ ቅርጽ የሚጠይቅ የለም። ቆዳ ይሻላል የሚልም ይኖራል። ቆዳ በእርግጥ እርጥብ ሳለ ተቀርጾ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። ነገር ግን በአዊ ረጅም ክረምት ደጋግሞ የረጠበና ያረጀ ቆዳ አፉ ይላላል፤ ሽጉጡ ሲመለስ የታጠፈው ጠርዝ ገብቶ ቃታ ሊጫን ይችላል። ቆዳም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል።

ከላይ የጠቀስኳቸውን የሙቀት ቁጥሮች እንደ ቁርጥ መስመር መውሰድ አይገባም። የልስላሴ ድንበር እንደ ማቅለጫ ነጥብ አንድ ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ቁሱ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘና በምን ዘዴ እንደተለካ ይለያያል፤ የማቀዝቀዣው ፍጥነት በ10 እጥፍ ሲቀየር ጥቂት ዲግሪ ይንሸራተታል። በድብልቅ ፕላስቲክ ደግሞ ድንበሩ ይሰፋል፤ ሉህ ከሉህም ይለያያል። ድንበሩ ከምን እንደሚመነጭ ራሱ ያከራክራል፤ የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ፊሊፕ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ገና ካልተፈቱ ጥልቅ የፊዚክስ ጥያቄዎች መካከል ቆጥሮታል። የሰንሰለቶቹ ወደ ጥንታቸው መመለስ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የተሳበ ጎማን መልሶ የሚያሳጥረው ኃይል ነው፣ በሚገባ ተለክቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማነጣጠሪያው የሚቀመጠው ከሽጉጡ ተንሸራታች ክፍል በላይ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው የማህደሩን የላይኛ ጠርዝ ያለ ሙቀት በጥሩ ጥርስ መጋዝ ቆርጦ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ነው። ይህ ለካይዴክስም ለናይሎንም ይሠራል፤ ሰንሰለቶቹን አይፈታምና። ቁርጡ ሹል ማዕዘን ሊኖረው ግን አይገባም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኢንግሊስ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳየው፣ በሚሳብ ሰሌዳ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ በጠርዙ ያለውን ውጥረት 3 እጥፍ ያደርሰዋል፤ ጫፉ እየሾለ ሲሄድ እጥፉ ያለ ገደብ ያድጋል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ይክበብ። ሥራው የሚሠራው ሽጉጡ ከጥይቱ ጋር በሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው፤ ለመለካት ሲያስፈልግም ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይት ክፍሉ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቶ መሆን አለበት። ቁርጡ ወደ ቃታው መከለያ የሚወርድ ከሆነ ወይም ማህደሩ ተገልብጦ ሲናወጥ ባዶውን ሽጉጥ የማይዝ ከሆነ፣ ያ ማህደር ሥራውን ጨርሷል፤ ለአዲሱ ማነጣጠሪያ ተለክቶ የተሠራ ሌላ መግዛት ነው። የማህደር ዋጋ በአንድ ስህተት ከሚደርሰው ጉዳት ጋር አይወዳደርም።