ሜይዴይ፦ በሰማይና በባሕር የሚሰማ የድረሱልኝ ጥሪ

በሬዲዮ የምትከታተሉን ጆሯችሁን ስጡን። ይህን ንግግር ታትሞ የምታነቡት ደግሞ በጣታችሁ እየተከተላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሚያጣድፈን ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከማታ ተማሪዎቼ አንዲት እናት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ቀኗ ደርሷል። የምትሄደው በአውሮፕላን ነው። «መምህር፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ለመሆኑ አውሮፕላኑ እዚያ ሰማይ ላይ ክፉ ነገር ቢገጥመው ነጂው ማንን ይጠራል? ጎረቤት የለው። ኡኡ ቢል ማን ይሰማዋል?»

እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ሰማይም ላይ፣ ባሕርም ላይ ጎረቤት አለ። ኡኡታም አለ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያ ኡኡታ ነው።

ቃሉ ሜይዴይ ይባላል። እርሳሳችሁን አንሡና ጻፉት። ሜ - ይ - ዴ - ይ። አራት ፊደል ነው። መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ ብላችሁ ስትቆጥሩ ሜ አምስተኛዋ ናት። ዴም እንዲሁ የደ አምስተኛ ናት። ይ ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ጻፋችሁ? እንግዲህ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ሦስት ጊዜ ያልኳችሁ ለልምምድ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሜይዴይ ማለት በአማርኛ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። የአውሮፕላን አብራሪ ወይም የመርከብ አዛዥ የሰው ሕይወት ሊጠፋ መሆኑን ሲያይ በሬዲዮ የሚያሰማው ጥሪ ነው። «ድረሱልኝ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እስቲ እንፍታው። «ድረሱ» ሲል እናንተ ብዙዎች ኑ፣ ፈጥናችሁ ኑ ይላል። «ልኝ» ሲል ለእኔ ይላል። ጠሪውም ተጠሪውም በአንድ ቃል ውስጥ አሉ። ሜይዴይም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ምስጢሩ በእንግሊዝኛ ውስጥ አይገኝም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ «ሜይ የፈረንጆች አምስተኛ ወር ነው፣ ዴይ ቀን ነው» ይላችሁ ይሆናል። የሠራተኞች በዓል የሚከበርበት ሚያዝያ 23 ቀንም በእንግሊዝኛ ሜይ ዴይ ይባላልና ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዝምድና የላቸውም።

የቃሉ አመጣጥ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን በስተደቡብ ክሮይደን የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። እዚያ ፍሬድሪክ ሞክፎርድ የሚባል የሬዲዮ ሹም ይሠራ ነበር። አለቆቹ «አብራሪ ሲጨንቀው የሚጠራው፣ የሰማ ሁሉ ወዲያው የሚለየው አንድ ቃል ፈልግ» አሉት። በዚያን ጊዜ ከክሮይደን ከሚነሡት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚመላለሱት ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ለ ቡርዤ ነው። በአንዱ በኩል ያለው ሰው እንግሊዝኛ ይናገራል፣ በሌላው በኩል ያለው ፈረንሳይኛ። ስለዚህ ሰውዬው ለሁለቱም አፍ የሚመች ቃል መረጠ። በፈረንሳይኛ «እርዱኝ» ሲባል ለጆሮ «ሜዴ» ይመስላል። ይህንኑ እንግሊዞቹ በራሳቸው አነጋገር ሜይዴይ አሉት። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ቃሉን ለሁሉም አገር አጸደቀው።

ታዲያ ከዚያ በፊት ጥሪ አልነበረም ወይ? ነበረ። ኤስ ኦ ኤስ ይባላል። እርሱ ግን የአፍ ቃል አይደለም፤ በቴሌግራፍ የሚመታ ነው። ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ምት። በ1906 በርሊን ላይ ተስማሙበት። ኤስ ኦ ኤስ የሌላ ቃል ምኅጻር ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ለመምታትና ለመለየት ስለሚቀል ብቻ የተመረጠ ነው። በድምፅ የሚነጋገር ሬዲዮ ሲመጣ ግን ኤስ የምትለዋ ፊደል በዚያ በሚንኮሻኮሽ ድምፅ ውስጥ አልለይ አለች። ለዚህ ነው ቃል የተፈለገው።

ስለ ጥሪ ካነሣን ታይታኒክን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1912 በሚያዝያ ወር ሌሊት ይህች ትልቅ መርከብ በረዶ መታትና መስጠም ጀመረች። የሬዲዮ ሠራተኞቿ ሳያቋርጡ ጥሪ አሰሙ። በቅርብ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ቆማ ነበር። የእርሷ ሬዲዮ ሠራተኛ ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ካርፓትያ የምትባል ሌላ መርከብ ራቅ ብላ ነበረች። የእርሷ ሠራተኛ ሊተኛ እየተሰናዳ ነበር፤ ማዳመጫው ግን ገና ከጆሮው አልወረደም። እርሱ ሰማ። ካርፓትያ ደርሳ ወደ 700 ሰው አወጣች፤ ወደ 1,500 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ መርከቦች ሌት ተቀን አዳማጭ እንዲኖራቸው ሕግ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ባነበብኩ ቁጥር ካሊፎርኒያን ትዝ ትለኛለች።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። ሜይዴይ ሦስት ጊዜ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢባል ሰሚው ስለ ሌላ ሰው ጥሪ የሚወራ ሊመስለው ይችላል፤ ወይም በጩኸት መካከል ቃሉ ሊጠፋ ይችላል። ከሦስቱ በኋላ ጠሪው ስሙን ይናገራል። ከዚያ የት እንዳለ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚፈልግ፣ ስንት ሰው አብሮት እንዳለ ይናገራል። በዚህ ጊዜ የሬዲዮውን መስመር የሚጠቀም ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ዝም ያላለ ካለ «ሲሎንስ ሜይዴይ» ይባላል። ሲሎንስ ያው ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ዝምታ ማለት ነው።

የት እንዳለ መናገር ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ምሽት በመንደራችን ኡኡታ ተሰማ። በዚያ ሳምንት በላይኛው መንደር በጠና የታመሙ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ «አረፉ ማለት ነው» ብሎ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ ላይ ወጣ። እኔም እናቴን ተከትዬ ወጣሁ። ደርሰን ስናይ ሽማግሌው አልሞቱም፤ እንዲያውም «ምን ሆናችሁ ነው?» አሉን። ዞር ብለን ስናይ ከወንዙ ማዶ እሳት። አንዲት ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ብቻዋን ነበረች፤ ጎጆዋ ሲያያዝ የጮኸችው እርሷ ነች። ሮጠን ስንደርስ ጣሪያው ወርዷል። ልጇን ይዛ ወጥታለች። ሁለት ጥጆችና የዓመት እህሏ ግን ነደዱ። እናቴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያን ምሽት ስታነሣ «ምነው እሳት! ብላ በጮኸች» ትላለች። እኔ ግን ሴቲቱን አልፈርድባትም። በጭንቅ ጊዜ ቃል አይመጣም። ፈረንጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ቃሉን አስቀድመው አዘጋጅተው፣ አብራሪውን በሰላሙ ጊዜ የሚያለማምዱት።

ከሜይዴይ ዝቅ ያለ ጥሪም አለ፤ ፓን ፓን ይባላል። እርሱም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሥሩ በፈረንሳይኛ ብልሽት ማለት ነው። ችግር አለ፣ ግን ሕይወት ገና አሁን አልተያዘም ሲባል እርሱን ይጠሩታል። የመርከብ ሞተር ጠፍቶ ባሕሩ ጸጥ ካለ ፓን ፓን ይበቃል። መርከቧ ውኃ እየሞላች ከሆነ ሜይዴይ ነው።

ለቀልድ ሜይዴይ ማለት በብዙ አገር ወንጀል ነው። በአሜሪካ እስከ 6 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያመጣል። ሐሰተኛውን ጥሪ ሰምቶ የወጣ ጀልባ ወይም ሄሊኮፕተር እውነተኛው ጥሪ ሲመጣ ሌላ ቦታ ነውና።

አንድ እውነተኛ ነገር ልጨምርላችሁና ወደ እናትየዋ ልመለስ። በ2009 በጃንዋሪ 15 ቀን ከኒው ዮርክ የተነሣ አውሮፕላን ከወፎች መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮቹ ጉልበት አጡ። ቸስሊ ሰለንበርገር የሚባለው አብራሪ በመጀመሪያ መሪውን ያዘ፤ ቀጥሎ ሜይዴይ ብሎ ወፍ እንደመታውና ሞተር እንዳጣ ተናገረ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ አብራሪዎች መጀመሪያ ማብረር፣ ኋላ መናገር ብለው ይማራሉ። ወደ ማረፊያ መመለስ እንደማይችል ሲያይ ሃድሰን የሚባለው ወንዝ ላይ አሳረፈው። ወፎቹ ከመቱት እስከ ወንዙ አራት ደቂቃ አልሞላም። ጀልባዎች ፈጥነው ደረሱ። 155 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወጡ።

ይህን ለእናትየዋ በማግስቱ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና «የኛ አገር ሰው ሲነዳስ?» አሉኝ። ኢትዮጵያዊም ያብርር ቻይናዊ፣ ቃሉ ያው አንድ ነው አልኳቸው። ደብተራቸውን አውጥተው «ሜይዴይ» ብለው ጻፉ። ዴን ግን ደ አደረጓት፤ አብረን አረምናት።

ለሚቀጥለው ትምህርት የቤት ሥራ አለ። በአንድ ወረቀት ላይ ስማችሁን፣ መንደራችሁን፣ ቤታችሁ የሚታወቅበትን ምልክት፣ ማለት ወፍጮ ቤት ይሁን ትልቅ ዋርካ፣ ከዚያም ስንት ሰው በቤት እንደሚያድር ጻፉ። ቤት ውስጥ ልጅ እንኳ ሊያነበው በሚችል ቦታ ስቀሉት። የጻፋችሁትን ለጎረቤት አስነብቡና ቤታችሁን በዚያ ብቻ ያገኘው እንደሆነ ጠይቁት። ካላገኘው ጨምሩበት። ደህና እደሩ።