ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ

ቤት የገዙ ሰዎች ስለ አላርም ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛው ድርጅት እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ቤቱ መቼ እንደተሠራና ቤዝመንቱ ወይም የልብስ ክሎዜቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የብረት ሣጥን መኖሩን እጠይቃቸዋለሁ። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹና 2000ዎቹ የተሠራ ቤት ከሆነ ሣጥኑ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቤት ሠሪዎች ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ከየበሩና ከየመስኮቱ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እየሳቡ አንድ ቦታ ያገናኙት ነበር።

ሣጥኑን ለከፈተ ሰው የተጠላለፈው ሽቦ፣ አቧራ የጠጣው ሰርኪዩት ቦርድና ያበጠው ባትሪ የሚጣል ዕቃ ይመስላሉ። እውነትም ባትሪው ይጣላል። ቦርዱም ቢሆን በግማሽ ቀን ሥራ ይቀየራል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ውስጥ ግን እንደገና ሽቦ ለመሳብ ግድግዳ መብሳት፣ መድፈንና መቀባት አለ፤ ስለዚህ እኔ ሣጥኑን ስከፍት ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሽቦዎቹ ላይ ነው።

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት የገዙ ባልና ሚስት ጠሩኝ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼና እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከእኔ በፊት በር ያንኳኳ የአላርም ሻጭ ሣጥኑን አይቶ፣ «ይሄ ሁሉ ሞቷል፤ 3ጂ ከተዘጋ ወዲህ አይሠራም። እኛ በነፃ ሁሉንም ዋየርለስ እናደርግላችኋለን» ብሏቸው ሄዷል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ለማስረዳት ይቀለኝ ነበር፤ አስቸጋሪው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የስልክ ድርጅቱ ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ መስመሩን በፈረንጆቹ የካቲት 2022፣ ቬራይዘን ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘግተዋል። በ3ጂ ይነጋገር የነበረ የአላርም ሬዲዮ በሙሉ ያኔ ዝም ብሏል። ዝም ያለው ግን ወደ ውጭ መልእክት የሚያደርሰው ዕቃ ነው። በሩ መከፈቱን ለፓኔሉ፣ ማለትም ሣጥኑ ውስጥ ላለው ቦርድ፣ የሚነግረው የመዳብ ሽቦ ከ3ጂ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን በቃል ማስረዳት ስለሚያደክመኝ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን አወጣሁ። መጀመሪያ ቦርዱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ የትኛው ሽቦ የት ገብቶ እንደነበር ኋላ መርሳት የለምና። መብራቱንና ባትሪውን ነቅዬ የፊት በሩን ሽቦ ከፓኔሉ ፈታሁና ጋሼን በሩ ላይ አቆምኳቸው። «ይዝጉት» አልኳቸው። ሜትሩ 3 ኦም አነበበ። «ይክፈቱት።» መስመሩ ተቋረጠ። የበሩ መቃን ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በሩ ላይ ያለው ማግኔት ሲጠጋት መስመሩን ታገናኛለች፣ ሲርቃት ታቋርጣለች። ሌባ ሽቦውን ቢቆርጠውም ለፓኔሉ በር እንደተከፈተ ነው የሚቆጠረው። ዓመታት ያለፉት ሽቦ 3 ኦም ካነበበ፣ ወደ 30 ሜትር ርቆ ሄዶ ለተመለሰ ቀጭን መዳብ የሚጠበቀው ያው ነው፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጋሼ ሦስት ጊዜ ከፍተው ከዘጉ በኋላ፣ «ታዲያ ምኑ ነው የሞተው?» አሉኝ።

ሁሉም ግን እንደ ፊት በሩ አልሆነም። የሳሎኑ መስኮት ቢዘጋም ቢከፈትም መስመሩ ክፍት ነው። መስኮቱን ጠጋ ብዬ ሳየው አዲስ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት መስኮት ሲያስቀይር ሠራተኞቹ ማብሪያዋን ከእነ ሽቦዋ ቆርጠው ጥለዋታል። ይህ በየቤቱ የሚገጥመኝ ነገር ነው። ሌላም አለ፤ «ፕሪዋየርድ» ተብሎ የተሸጠ ቤት ሽቦው ብቻ ገብቶለት ሴንሰር ጭራሽ ያልተገጠመለት ሊሆን ይችላል። የሽቦው ጫፍ ከመስኮቱ መቃን ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፣ በድምፅ መፈለጊያ እየፈለግን ቦታውን በስተን እናወጣዋለን። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሽቦው እስከ ሴንሰሩ መድረሱን አስፈትሹ።

አንድ ነገር ደግሞ አናዶኛል። በየመስመሩ መጨረሻ፣ ማለትም ሴንሰሩ ዘንድ፣ መሆን ያለባት ሬዚስተር በሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ተሰክታለች። እንዲህ ሲሆን ግድግዳው ውስጥ ምስማር ገብቶ ሁለቱን ሽቦ ቢያነካካቸው ፓኔሉ በሩን ለዘላለም እንደተዘጋ ይቆጥረዋል። ገጣሚው አሥር ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ ነው። በነገራችን ላይ ፓኔል ሲቀየር ይህች ሬዚስተር ትረሳለች፤ ሃኒዌል 2,000 ኦም ሲፈልግ ዲኤስሲ 5,600 ይፈልጋል። አዲስ ፓኔል ተገጥሞ ሁሉም በር «ችግር አለ» እያለ ሲያስቸግር መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ሽቦው ከተፈተሸ በኋላ ነው የፓኔል ምርጫ የሚመጣው። የእነዚህ ሰዎች ሣጥን ውስጥ የነበረው የሃኒዌል ቪስታ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ኪፓዱም የድሮ ካልኩሌተር ይመስላል፤ ሥራው ላይ ግን እንከን አላገኘሁበትም። የገጣሚ ኮዱ ካልተቆለፈ በአዲሱ የስልክ መስመር የሚሠራ ሬዲዮ ጨምሮ ባለ 12 ቮልት ባትሪውን መቀየር ይበቃዋል፤ ከስልክ ላይ ማብራትና ማጥፋትም ይቻላል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው፣ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ የሚያስገባልኝም እሱ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ጭራሽ የማይፈልግና ኮምፒውተር መነካካት የሚወድ ወጣት ከሆነ፣ ኮኔክትድ የሚባለው ቦርድ የድሮውን ሽቦ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኝለታል። የሪንግ አላርም ቀድሞ ያለው ሰው ደግሞ እስከ ስምንት ዞን (የሽቦ መስመር) የሚቀበለውን የሪንግ ማገናኛ ሊወስድ ይችላል፤ የድሮው ኪፓድና ሳይረን ግን ከእሱ ጋር እንደማይሠሩ ይወቅ።

ዋየርለስ ጠላት አይደለም። ለተቆረጠችው የሳሎን መስኮት ያደረግኩት ዋየርለስ ሴንሰር ነው፤ ለአንዲት መስኮት ግድግዳ አላፈርስም። ሽቦው በሰላም ለተቀመጠበት ለሌላው በርና መስኮት ሁሉ ግን በየጥቂት ዓመቱ ባትሪ የሚቀየርለት ዕቃ መለጠፍ ምን ይሉታል?

ወደ «ነፃው» ልመለስ። ነፃ የሚባለው ፓኔል ብዙ ጊዜ የ36 ወይም የ60 ወር ውል ይከተለዋል፤ ውሉም ካልሰረዙት በራሱ ይታደሳል። ጋሼ የሻጩን የውል ወረቀት ሲያሳዩኝ ሦስት ነገር ፈለግኩ፦ ዕቃው የማን ንብረት ነው፣ የገጣሚ ኮዱን ማን ይይዛል፣ ውሉ ሲያልቅ ሌላ ድርጅት በዚያው ፓኔል ሊሠራበት ይችላል ወይ። ሦስቱም አልተጻፉም። ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁ ሻጭ ካለ፣ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት ይሰጣችኋል። ፈቃዱንም ጠይቁት፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለአላርም ቴክኒሻን ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ፖሊስ ነው።

እኛ ያደግንበት ጥበቃ አጥር፣ ውሻና ዘበኛ ነው። ዘበኛ የቤተሰቡን እንግዳ ለይቶ ያውቃል፤ ሞሽን ሴንሰር አያውቅም። ከአገር ቤት የመጡ እናት ሌሊት ለጸሎት ሲነሱ ሳሎን ውስጥ ሳይረን የጮኸባቸው ቤት ሄጃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሰው ቤት ሲያድር ሞሽኑን የሚተወውና በሮቹንና መስኮቶቹን ብቻ የሚጠብቀውን «ስቴይ» መጠቀም ነው። ሞንትጎመሪም ፌርፋክስም አላርም ካውንቲው ዘንድ እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ፤ የሐሰት ጥሪ ሲደጋገም ቅጣት አለው። ለፖሊስ ከሚደርሱት የአላርም ጥሪዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ ሐሰት ስለሆኑ አልፈርድባቸውም።

እትዬን ያሳሰባቸው ግን ሌባው አልነበረም። ከፎቅ ኮሪደር የወረደ ባለ አራት ሽቦ መስመር አግኝቼ የጭስ መጠቆሚያ እንዲሆን ሐሳብ ሳቀርብ፣ «ቡና በቆላሁ ቁጥር እሳት አደጋ ሊመጣ ነው?» አሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ያሉት ኮርኒስ ላይ የሚጮኹት መጠቆሚያዎች ይጮኻሉ እንጂ ማንንም አይጠሩም፤ ከፓኔሉ ጋር የተያያዘው ግን ይጠራል። በብርሃን የሚሠራውን ዓይነት መረጥኩ፣ በምድጃ ሙቀት ከሚነሣ ስስ ጭስ ጋር ብዙም አይጣላም። ከምድጃ ቢያንስ በ3 ሜትር መራቅ ይኖርበታል፣ ፎቅ ላይ በመሆኑም ርቋል።

«ዕጣኑስ?»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በብርሃን የሚሠራው መጠቆሚያ በጣም የሚነቃው ነበልባል ሳይኖረው ቀስ እያለ ለሚጨስ ነገር ነው፤ ዕጣን ደግሞ ሥራው ያ ነው። ረከቦቱ የተዘረጋው ከደረጃው ሥር ስለነበር ጭሱ ተሰብስቦ በቀጥታ ወደ ላይኛው ኮሪደር ይወጣል። እትዬ ትንሽ ቅር ብሏቸው ወደ ጓሮ በሩ ለማዛወር ተስማሙ። ያ በር የመጀመሪያው ዞን ነው፤ በሩን ከፍተው ሲያጨሱ አላርሙ መጥፋቱን ቀድመው እንዲያዩ ለጋሼ አደራ አልኳቸው።